ጤና አዳም የገባበት ጤፍ

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ትማራለች። እኔ ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩምና ላቦራቶሪ ገባሁ ባለች ቁጥር እጅ የሚያቃጥል፣ ዓይን የሚያጠፋ ነገር ነው የሚታየኝ። ባለፈው እሑድ «ደግሞ ምን ስታፈሉ ከረማችሁ?» አልኳት።

«እማ፣ አንዳንድ ነገር ስናሞቀው ቁራጩ ከቦታው ተነስቶ ሌላ ቦታ ይለጠፋል። እዚያው በራሱ ውስጥ ዞሮ ነው ወይስ ወጥቶ ከጎረቤቱ ተቀያይሮ? በዓይን አይታይም። ስለዚህ ሁለት ተመሳሳይ ነገሮች ላይ የተለያየ ምልክት እናደርግና አብረን እናሞቃቸዋለን። የአንዱ ምልክት ሌላው ላይ ከተገኘ፣ ወጥቶ ተቀያይሯል ማለት ነው።»

ሳቄ መጣ። ይሄንንማ እኔ ወፍጮ ቤት ሠርቼዋለሁ!

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ሀና ማርያም ያኔ ገጠር ነበር፤ የክረምቱ ጭቃ ጫማ ያስቀራል። እትዬ ዘነበች ቤት ተቀጥሬ ነጭ ጤፋቸውን ለቡ ወስጄ አስፈጫለሁ። ባለወፍጮው ደምሴ፣ ያኔ ጋሼ ነበር የምለው፣ «አቧራው ይጎዳሻል፣ ውጪ ጠብቂ» ይለኛል። ደግ ይመስለኝ ነበር። ዱቄቱ ግን እየጠቆረ መጣ። እትዬ ሲጠይቁት «ሠራተኛሽን ጠይቂያት፤ መንገድ ላይ ትለውጠዋለች» አላቸው። እሳቸውም «ከተደገመ ልብስሽን ይዘሽ ውጪ» አሉኝ። የምሄድበት ቤት አልነበረኝም። ሌባ የተባለችን ልጅ ደግሞ ማን ይቀጥራል?

ፍርሃቴ አድሮ ቂም ሆነ። የደረቀ የጤና አዳም ፍሬ ለቅሜ እትዬ እያዩ ከጤፋቸው ጋር ቀላቀልኩት፤ «መንገድ ላይ እንደማልለውጠው እንዲያዩ ከኋላዬ ይምጡ» አልኳቸው። የጎረቤት ሠራተኛ ዓለሚቱ ቀይ ጤፍ ልታስፈጭ ነበርና የእሷ ውስጥ ድንብላል ጨመርን።

«አንቺ፣ ጤፍ ነው ወይስ በርበሬ የምናስፈጨው?» ብላ ሳቀችብኝ።

ደምሴ አፍንጫው በዱቄት ከተደፈነ ቆይቷል፤ ምንም አልጠረጠረም። ዱቄቴን ሲሰጠኝ ከረጢቱ ውስጥ አፍንጫዬን ከተትኩ። ድንብላል! የዓለሚቱ ቀይ ጤፍ የኔ ውስጥ ገብቷል። ታዲያ የእትዬ ነጭ ጤፍ የት ሄደ? ዘልዬ ገብቼ ጥጉ ላይ የቆመውን ጆንያ ፈታሁት። ነጭ ዱቄት፣ ጤና አዳም ጤና አዳም የሚል።

ተከትለውኝ መጥተው ውጪ ለቆሙት ለእትዬ ቀስ ብዬ መንገር እችል ነበር። አላደረግኩትም። «ኑ አሽትቱ!» ብዬ ጮህኩ። እትዬም፣ ወረፋ የያዘውም ሁሉ ገብቶ እፍኝ እፍኝ እያነሳ አሸተተ።

«የኔ ልጅ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ» አለ ደምሴ።

«ውጪ ጠብቅ» አልኩት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ብዬ፤ «አቧራው ይጎዳሃል።»

ልጄ ስቃ ስቃ «ይቅር አላልሽውም እንዴ?» አለችኝ።

አላልኩትም። ወፍጮ ቤቱ ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል፤ ታክሲው በዚያ ባለፈ ቁጥር ዛሬም ደስ ይለኛል።

ስለ ልጄ መፍራቴን አልተውኩም፤ ጓንትሽን እንዳትረሺ እላታለሁ። ሰው ያላደረገችውን አደረግሽ ቢላት ግን ምልክት ማድረግ ታውቃለች። እዚያ ላይ አልፈራላትም።