ሠላሳ አራት ፊደል

በእኛ ቋንቋ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ፊደል ይቆጠራል፣ ቆጣሪ ይነበባል። የውሃ መሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ «አንባቢ» እየተባለ የሠራው አንድም ፊደል ሳይቆጥር ነው። ቁጥር ግን አሳምሮ ያውቃል። በሩ ላይ ቁጥር፣ ቆጣሪው ላይ ቁጥር፣ መዝገቡም ቁጥር፤ ማን ይነቃበታል?

ሚስቱ ታውቅ ነበር። «ኧረ ፊደል ቁጠር» ስትለው «ቀኑን ሙሉ ስቆጥር ውዬ ደግሞ ቤቴ ገብቼ?» እያለ ያስቃታል። ልጅ አልወለዱም፤ ሁለቱ ብቻ ሲሳሳቁ ዘመናቸው አለቀ። ሆስፒታል ተኝታ ሳለች አንዲት ብጣሽ ወረቀት በእጁ አስጨበጠችው። በሳምንቱ ሞተች።

«አምጣ ላንብብልህ» አልኩት፣ ደግ የሠራሁ መስሎኝ።

«የሚስቴን ቃል ከአንተ አፍ አልሰማም» አለኝ። ተቀየምኩ፣ አልዋሽም። እሱ ግን ወረቀቷን ዘርግቶ በጣቱ እየነካ ቆጠራት። «ሠላሳ አራት ናቸው። ይኸው፣ እኔም ፊደል ቆጠርኩ።» እኔ ሳቅኩ፤ እሱ አልሳቀም። አጥፎ ደረት ኪሱ ከተታት።

ከሚያነብባቸው ቤቶች አንዱ የጡረተኛ መምህርት ነው። አፍሮ አፍሮ ፊደል እንዲያስቆጥሩት ለመናቸው። እሳቸውም ደጃፋቸው ያለችው አግዳሚ ላይ አስቀምጠው፣ ቆጣሪ ለማንበብ በመጣ ቁጥር በወር አንድ ረድፍ፣ ከሀ ጀመሩለት።

«እትዬ፣ ይሄ ማንበብ እንጂ ምኑ ነው መቁጠር?» አላቸው አንድ ቀን።

«ጣትህን እየው እስቲ። አንዷን ሳትነካ ታልፋለህ? ልጅ እንዲህ አንድ በአንድ እየነካ ስለሚጠራ ነው መሰለኝ ቆጠረ የተባለው።»

ረድፉ ሁሉ ሳያልቅ ወረቀቷን ላይገልጥ ለራሱ ምሎ ነበር። ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ አንድ ረድፍ ሲቀረው፣ ያንን ቤት ዘለለው። በቀጣዩም ወር ዘለለው። አለቃችን «የመምህርቷ ንባብ የት አለ?» ብሎ ሲጮህበት፣ ወደ ጓሮ ወስጄ ምን እንደነካው ጠየቅኩት።

«ወረቀቷን ካነበብኩ በኋላ ምን ትለኛለች?» አለኝ። «አሁን እኮ ገና የምትነግረኝ ነገር አላት።»

 

በሦስተኛው ወር መምህርቷ ከዘራቸውን ይዘው መሥሪያ ቤት ድረስ መጡ። «ቆጣሪዬን የሚያነብልኝ ጠፋ» አሉ ለአለቃችን። ባልደረባዬን ግን ምንም ሳይወቅሱ፣ እዚያው ጠረጴዛው ላይ የቀረችውን ረድፍ፣ ፐ ፑ ፒን፣ አስቆጥረውት ሄዱ።

ወረቀቷን አወጣ። አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ ሂድ አላለኝም። ጣቱ እያንዳንዷን እየነካች፣ ድምፁ እየተከተላት፣ ቀስ ብሎ አነበበ።

«ማን አነበበልህ? ሰው ከሆነ አኩርፌሃለሁ። አንተ ከሆንክ ጎሽ፣ የኔ ቆጣሪ።»

ጣቱን ወደ መጀመሪያዋ ቃል መለሰ።

«እኔው ነኝ» አለ። ለእኔ አልነበረም።