ድምፄን ያወቁት ሽማግሌ

ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስመለስ ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። የእህቴ ልጅ እዚያው አቅራቢያ ሎረል ከተማ ውስጥ ልታገባ ነውና ሐሙስ ዕለት ከዳላስ ገባሁ፤ ሰርጉ ቅዳሜ ነው። ዓርብ ጠዋት የእህቴ ቤት በሴት ተሞላ። አንዷ ጥፍር ትቀባለች፣ አንዷ ቀሚስ ታስጠብባለች፣ የገባችው ሁሉ ግን እኔን ስታይ የምትጠይቀኝ አንድ ነው፦ «ብቻሽን ነው የመጣሽው?» አራተኛዋ ስትጠይቀኝ ቦርሳዬን አነሳሁ።

«የት ልትሄጂ ነው?» አለች እህቴ።

«ሲልቨር ስፕሪንግ። ዞር ዞር ብዬ ልምጣ።»

«ቆይ፣ አንድ ሰው ኮል ላድርግና ይውሰድሽ።»

«አውቶቡስ አለ። አገሩን አውቀዋለሁ» አልኳት።

አሥራ ሰባት ዓመት ኖሬበታለሁ፣ እንዴት አላውቀውም? ከአውቶቡሱ ስወርድ እግሬ ራሱ መንገዱን ያዘ፤ የት ጋ እንደሚታጠፍ፣ የትኛው መብራት እግረኛን እንደሚያስቸኩል ያውቃል። ዓይኔ ግን የሚይዘው አጣ። ፀጉሬን የምሠራበት ቤት የውሻ ማጠቢያ ሆኗል። ኮሪያዊው ጫማ ሰፊ የነበሩበት ጥግ ላይ ባለመስታወት ፎቅ ቆሟል፤ ከታች ሰዎች ስልካቸው ላይ ተደፍተው ሰላጣ ይበላሉ። ከተማ ይለወጣል፤ ይሄን ለመናገር እኔ አላስፈልግም። ግን አንድ ሰው እንኳ ቀና ብሎ «እንዴ! የት ጠፋሽ?» ቢለኝ ምን ነበረበት? ጠዋት የሰው ጥያቄ ሸሽቼ የወጣሁት ሴትዮ፣ አሁን ደግሞ የሚጠይቀኝ ስለጠፋ ተቆጣሁ።

የኖርኩበት ሕንፃ ግራጫ ተቀብቶ፣ ስሙም ተቀይሮ አገኘሁት። በሩ ላይ የቆመው ሴኩሪቲ ሐበሻ ነው፤ በሠላሳዎቹ ዕድሜ የሚገኝ፣ ጢሙን አሳምሮ የተቆረጠ ሰው። በእንግሊዝኛ ጀምሮ ፊቴን ሲያይ ወደ አማርኛ ዞረ።

«ማዘር፣ ማንን ፈልገው ነው?»

«ማንንም። እዚህ ነበር የምኖረው። አራተኛ ፎቅ።»

«አሁን አይኖሩም ማለት ነው።»

«አሁንማ አልኖርም።»

«እንግዲያው የበሩ ኮድ ከሌለዎት ማስገባት አልችልም። ሎቢው ውስጥ መቆምም ክልክል ነው።»

ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ነገር ግን ከላይ የወረደን ትእዛዝ በገዛ ቋንቋዬ፣ በትህትና፣ በ«አንቱ» ጠቅልሎ ሲያቀብለኝ ደሜ ፈላ። ምክንያቱ ለእኔ ግልጽ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ እንጀራዬ እሱ ነበር።

ሥራዬ አስተርጓሚነት ነበር። ሆስፒታል፣ ፍርድ ቤት፣ የተማሪ ወላጆች ስብሰባ፤ ከዊተን እስከ ፎልስ ቸርች ያልገባሁበት የለም። ስንሰለጥን በመጀመሪያው ቀን የተነገረን ሕግ፣ ሰውየው የተናገረውን እንደተናገረው በአንደኛ መደብ በሉ የሚል ነው። ሐኪሙ «ሳንባህ ላይ ያየሁት ነገር አላማረኝም» ካለ፣ እኔም «ሳንባህ ላይ ያየሁት ነገር አላማረኝም» እላለሁ። «ሐኪሙ እንዲህ ይላል» ማለት አይቻልም። አሰልጣኛችን «ክፍሉ ውስጥ የላችሁም፤ ድምፅ ብቻ ናችሁ» ትለን ነበር። እኔም ጎበዝ ድምፅ ወጣኝ። ቃላትን አንድ በአንድ፣ ሳላጣድፍ፣ ለሰማ ሁሉ እንዲገባ አድርጌ መልቀቅ ለመድኩ። በኋላ ሆስፒታሎቹ በስክሪን የሚያስተረጉም አገልግሎት ሲያስገቡ ሥራው ቀጠነ፤ ዳላስ ሄጄ መጋዘን ውስጥ የሺፍት ተቆጣጣሪ ሆንኩ። አነጋገሬ ግን ከእኔ ጋር ቀረ።

ከሕንፃው በር ተመልሼ አንዲት የሐበሻ ሱቅ ገባሁ፤ ከስድስት ዓመት በፊት ያልነበረች ናት። ባለሱቋ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ነች። አንዲት ደንበኛ የጤፍ ከረጢት ታገላብጣለች፣ ፍሪጁ አጠገብ ደግሞ አንድ ወፍራም ጃኬት የለበሱ ሽማግሌ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«እህቴ፣ ጨው የሌለው ቆሎ ይኖርሻል?» አልኳት ባለሱቋን። «ካለሽ ሁለት ስጪኝ።»

«ድገሚው» አሉ ሽማግሌው ከኋላዬ።

«ምኑን ጋሼ?»

«አሁን ያልሽውን። ድገሚው።»

የመስማት ችግር ያለባቸው መስሎኝ ጮክ ብዬ ደገምኩት። ወንበሩን ተደግፈው ተነሱ።

«አንቺ ነሽ» አሉ። «ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ሆስፒታሉ። ፊትሽን አላስታውሰውም፤ ያን ቀን የማንንም ፊት አላየሁም። ድምፅሽ ግን ዘጠኝ ዓመት ጆሮዬ ውስጥ ነው።» ከዚያ ወደ ባለሱቋ ዞሩ። «ይቺ ናት! የሚስቴን መተንፈሻ ማሽን እንንቀል ያለችኝ ይቺ ናት!»

ባለሱቋ ቆሎውን እንደያዘች ቀረች። ደንበኛዋ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ጋሼ፣ እኔ አስተርጓሚ ነበርኩ» አልኩ። «ሐኪሙ ያለውን ነው ያልኩት።»

«‹እኔ› ብለሻል! ‹እኔ ማሽኑ እንዲነሳ እመክራለሁ› ብለሻል። እሱማ የሚለው አይገባኝ፣ ሲያጉረመርም ነው የሰማሁት። በአማርኛ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ያገሬ ልጅ ናት፣ ታውቃለች አልኩ። እሺ ያልኩት አንቺን ነው፣ እሱን አይደለም!»

ሰው ፊት፣ ላልሠራሁት ነገር! «ሕጉ ነው!» ብዬ ጮህኩባቸው። በአባቴ ዕድሜ ባሉ ሰው ላይ። «እንደዚያ በይ ተብዬ ነው! እኔ ምን ላድርግዎት?»

«የማን ሕግ?» አሉኝ።

ቆሎውን ሳልቀበል ወጣሁ።

ወደ እህቴ ቤት መመለስ ነበረብኝ። እኔ ግን ባቡር ያዝኩ። ከቀዩ መስመር ወርጄ ወደ ቢጫው ስቀይር ወዴት እንደምሄድ ለራሴ አልነገርኩም ነበር፤ እግሬ ግን አሌክሳንድሪያ፣ ኪንግ ስትሪት ላይ አወረደኝ። መንገዱን ይዤ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ቀኑ ሞቃት ነው። ሰዎች አይስክሬም ይዘው ሱቅ ለሱቅ ይዞራሉ፣ አንዱ ጊታር ይመታል፣ ጀልባ የሚጠብቁ ቱሪስቶች ፎቶ ይነሳሉ። ሁሉም አናደዱኝ። እዚህ መንገድ ላይ ስንት ጊዜ ሳንድዊቼን እየበላሁ ለቀጣዩ ቀጠሮ ሮጫለሁ። የስንቱን ካንሰር፣ የስንቱን ፍቺ፣ የስንቱን ጥፋት «እኔ» እያልኩ ተናግሬያለሁ። ደክሞኝ አግዳሚ ወንበር ላይ ስቀመጥ፣ ሽማግሌውን ላለማሰብ የሮጥኩበት መንገድ አለቀብኝ።

ያን ቀን አልረሳሁትም ነበር። ሱቁ ውስጥ ገና ሲነሱ ነው ያወቅኋቸው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰዎች ስለ ሥራዬ ሲጠይቁኝ የምዘለው ቀን እሱ ነው።

አይሲዩ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ በር ላይ ሐኪሙን አብረን ስንጠብቅ ሰውየው «ልጄ ነገ ከአዲስ አበባ ትገባለች» አሉኝ። «እናቷን ሳታያት እንዳትቀር ብዬ ነው የምፈራው።» እኔም «እግዜር ያውቃል» ብዬ ዝም አልኩ፤ ከታካሚ ቤተሰብ ጋር በግል ማውራት ክልክል ነው። ሐኪሙ መጣ። እጁን ከበሩ እጀታ ላይ ሳያነሳ ተናገረ። ሌላ ታካሚ እየጠበቀው እንደነበር ያስታውቃል። ማሽኑ እያሰቃያት እንጂ እያዳናት እንዳልሆነ፣ ቢነሳ እንደሚመክር ነገራቸው። ሰውየው የልጃቸውን ነገር አላነሱም፤ ድንጋጤ ዋጣቸው መሰለኝ። ሐኪሙን ትተው ወደ እኔ ዞሩና «አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?» አሉኝ።

የጠየቁት እኔን ነው። ዓይኔን እያዩ፣ በ«አንቺ»። እኔ ግን ጥያቄውን ወስጄ ለሐኪሙ ሰጠሁት። ሐኪሙም መለሰ፤ መልሱን ተቀብዬ፣ በዚያ ጥርት ባለ ድምፄ «እኔ ብሆን በሰላም ትሂድ እላለሁ» አልኳቸው።

እኔ ብሆን ያን አልልም ነበር። እኔ ብሆን አንድ ቀን ጠብቁ፣ ልጅቷ ትምጣ እል ነበር። «ልጃቸው ነገ ትገባለች» ለማለት አራት ሰከንድ ይበቃ ነበር። ሐኪሙም ጨካኝ ሰው አልነበረም፤ ቢያውቅ ይጠብቅ ነበር። አልተናገርኩም። ሕጉን ፈርቼ ነው እንዳልል፣ ሕጉ ተመችቶኝ ነበር። ክፍሉ ውስጥ የሌለ ሰው ጥፋት የለበትም። ማታ ቤቴ ገብቼ እራቴን በላሁ።

ወንዙ ዳር ያን ሁሉ ሳስብ ንዴቴ መድረሻ አጣ። በሐኪሙ ልናደድ አልኩ፣ በአሰልጣኟ ልናደድ አልኩ፣ ሰው ፊት ባዋረዱኝ ሽማግሌ ልናደድ አልኩ። ሁሉም ላይ ተናድጄ አሁንም ተረፈኝ። የተረፈው የኔ ድርሻ ነበር።

ቅዳሜ ሰርጉ ላይ ጨፈርኩ፣ ሰው ሳምኩ፣ «ምነው ፊትሽ?» ላሉኝ «መንገድ» አልኳቸው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ሱቋ ተመለስኩ። ሽማግሌው እዚያው ወንበር ላይ ናቸው። ባለሱቋ ስታየኝ «እህቴ፣ ባክሽ እንዳትጣሉብኝ» አለችኝ። የሽንኩርት ካርቶን ስቤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ልጅዎ ነገ ትገባለች ብለው ነግረውኝ ነበር» አልኩ። «ለሐኪሙ አልነገርኩትም። መንገር እችል ነበር። ‹አንቺ ብትሆኚ› ብለው ሲጠይቁኝም የመለስኩልዎት የሱን መልስ ነው። የኔ ሌላ ነበር።»

«የአንቺ ምን ነበር?»

«ልጅቷን ይጠብቁ።»

እንዲሰድቡኝ ጠበቅሁ፤ እንዲምሩኝም ጠብቄ ይሆናል። ሁለቱንም አላደረጉም።

«ልጄ ይኸው እስከዛሬ በቅጡ አታናግረኝም» አሉ። «አንድ ቀን መጠበቅ እንዴት አቃተህ ትለኛለች። እኔም አስተርጓሚዋ ናት ያዘዘችኝ እላታለሁ። ዘጠኝ ዓመት አንቺን ስጠላ ነው የኖርኩት። አሁን ማንን ልጥላ?»

«እኔን መጥላት ማቆም የለብዎትም።»

«አላቆምኩም» አሉኝ፣ ተቆጥተው። «አሁን ይሄን ያልሽውን ጻፊልኝ። ለሆስፒታሉም፣ ለልጄም። በስምሽ፣ ፈርመሽ።»

ለልጃቸው የሚሆነውን እዚያው የፍሪጁ ክዳን ላይ በአማርኛ ጻፍኩ። የሆስፒታሉን ዳላስ ገብቼ በእንግሊዝኛ ጨረስኩትና በስልክ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ከሁለት ወር በኋላ መልስ መጣላቸው። ፎቶ አንስተው ላኩልኝና «ምን ይላል?» አሉ። አንድ ገጽ ነው። በሐዘንዎ እናዝናለን ይላል። መዝገቡ እንደሚያሳየው ውሳኔው በቤተሰብ ፈቃድ የተወሰነ ነው ይላል። ቀጥሎም፣ በመላው ውይይት ወቅት ብቁ አስተርጓሚ በክፍሉ ውስጥ ተገኝታ ነበር ይላል።

የመጨረሻውን ሳነብ ስልኩን መወርወር አማረኝ። ስሠራ ክፍሉ ውስጥ የለሽም አሉኝ፤ ሲጠየቁ አለች ብለው ከፊታቸው አቆሙኝ። ደብዳቤዬን አንብበው ይሆን? የፈረመችው ያችው አስተርጓሚ መሆኗን እንኳ አላስተዋሉም።

«‹እናዝናለን› ይላሉ ጋሼ» አልኳቸው። «ይላሉ። እኔ አይደለሁም።»

«ገባኝ፣ ገባኝ» አሉ። «ልጄስ ደብዳቤሽን አነበበችው።»

«ምን አለችዎት?»

«ምንም። ግን ስደውልላት ስልክ አነሳች።»

አሁን ለሆስፒታሉ ሁለተኛውን ደብዳቤ እየጻፍን ነው። ሁልጊዜ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ይደውሉልኛል፣ ሁልጊዜም እንጣላለን። እሳቸው «ገደላችኋት» የሚል ቃል ይግባ ይላሉ። እኔ ያን ካልን ከመጀመሪያው መስመር አልፈው አያነቡትም እላለሁ። ባለፈው እሑድ «አሁንም ለነሱ ነው የምትሠሪው!» ብለው ዘጉብኝ። ቀኑን ሙሉ ስነጫነጭ ዋልኩ። ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ መጋዘኑ ጓሮ ወጥቼ እኔው ደወልኩላቸው። «ሦስተኛውን አንቀጽ ድገሚልኝ» አሉ፣ ሰላም እንኳ ሳይሉኝ።