በወስፌ የወጋሁት ስልቻ

ካለፈው ሰኞ በፊት ይህን ነገር ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ጾም ገደፍኩ፣ ሰው አማሁ እያልኩ ትንንሹን ስቆጥር ትልቁን ሸሽጌ ኖሬያለሁ። አሁን ግን ስሙኝ። የአያ ኪሮስን ስልቻ የወጋሁት እኔ ነኝ።

የምኖረው ያኔም አሁንም ሰሃላ፣ ተከዜ አፋፍ ላይ ነው። ከወለድኳቸው የቀረችኝ ትርንጎ ብቻ ናት፤ እሷንም ከወንዙ ማዶ ለስሜን ሰው ዳርኳት። ሰርጉ ሲጓተት ቆይቶ ግንቦት መጨረሻ ላይ ወደቀ። ተከዜ አንዴ ከሞላ እስከ መስቀል አይሻገሩትም። ብትታመምብኝ መርዶዋን እንጂ እሷን አላይም ብዬ ሆዴ ባባ። እምቢ እንዳልል ቃል ሰጥቻለሁ። ምን ላድርግ?

አሻጋሪው አያ ኪሮስ ነበር። ሁለት የፍየል ስልቻ ነፍቶ በጠፍር ያጣምራል፤ ተሻጋሪው በደረቱ ይተኛበታል፣ እሱ እየዋኘ ይገፋል። ጥንቃቄው ለጉድ ነው። በዋዜማው ስልቻውን ውሃ ውስጥ ደፍቆ አረፋ ይወጣው እንደሆነ ያያል። ወንዙ ጭራሮ ይዞ ከወረደ «ላይ ዘንቧል» ይልና ማንም ቢለምነው አያሻግርም። ተሻጋሪውንም «ውሃውን አትይ፣ ያዞርሻል፤ ያንን ቋጥኝ እዪ» ይላል። የሚያሳየው ቋጥኝ ከመውጫው በላይ ነው፤ ወንዙ ወደ ታች ስለሚወስድ ወደ ላይ ካላቀኑ መውጫውን ያልፉታል።

ልጄ በምትሻገርበት ዋዜማ ከሰዓት ስልቻዎቹን ፈትሾ፣ እንደተነፉ ወንዙ ዳር ያለው ሾላ ላይ ሰቅሏቸው ሄደ። እኔ ወስፌዬን በመቀነቴ ሸጉጬ ውሃ ልቀዳ ወረድኩ። አንዱን ወጋሁት። ጠዋት ሟሽሾ ያገኘዋል፣ ሌላ ቆዳ እስኪያለፋ ወንዙ ይሞላል፣ ልጄም ክረምቱን ከእኔ ጋር ትከርማለች ብዬ።

ሲነጋ ግን ስልቻው ላላ አለ እንጂ አልሟሸሸም። አያ ኪሮስ «አዳር ያላላዋል» ብሎ እንደገና ነፋው። ሙሽራውና ሚዜዎቹ እየዋኙ ተሻግረው ማዶ ይጠብቃሉ። እኔ ቆሜ አየሁ። አፌን ምን ያዘው? በገዛ እጄ የወጋሁት ስልቻ ላይ ልጄን ሲያስተኛት ሳምኳት፣ መረቅኋት! እኔ ምን ዓይነት እናት ነኝ?

መካከል ሲደርሱ ስልቻው ተሸበሸበ፤ ልጄ በጎኗ ሰመጠች። አያ ኪሮስ ሹሩባዋን ጨብጦ፣ ከውሃው ጋር ሳይታገል በሰያፍ እየቀዘፈ፣ ሩቅ ታች በእኛው ዳር አወጣት። ስልቻውን ወንዙ ወሰደው። በእንብርክኩ ሆኖ ውሃ እያስመለሰው «ፈትሼው ነበር፤ በማርያም ፈትሼው ነበር» ይላል። ማን ይመነው? ከሁሉ አስቀድሜ የጮህኩበት እኔ ነኝ። «አንተ ዝርክርክ፣ ልጄን ልትጨርሳት ነበር!» አልኩት። እኔ፣ የወጋሁት፣ አልኩት።

ከዚያ ወዲያ ልጄን አሻግርልኝ የሚለው ጠፋ። መሻገሪያውን ሌላ ሰው ያዘው፤ አያ ኪሮስ የሰው ማሽላ አራሚ ሆነ። በሳምንቱ ተከዜ ሞላ፣ ትርንጎ ከእኔው ከረመች፤ መስቀል አልፎ በሰላም ተሻገረች፣ ወልዳ ከበደች። ያሰብኩት ሁሉ ሞላልኝ። እሱን ገበያ ላይ ባየሁ ቁጥር መንገድ አሳብሬ እሸሽ ነበር።

ሃያ ዓመት አለፈ። ሰኞ ዕለት፣ ታሟል ሲሉኝ፣ ቤቱ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ቁጭ ሳልል «አያ፣ ያን ስልቻ የወጋሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

ይረግመኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«መቼ?» አለ።

«ከፈተሽከው በኋላ።»

«ከፈተሽኩት በኋላ!» ብሎ ብድግ አለ። አለቀሰ፣ ደግሞ ሳቀ። «እኔኮ ምናልባት ሳልፈትሸው ቀርቼ ይሆን እያልኩ የገዛ እጄን አላምን ብዬ ኖርኩ። ከዚያ ወዲህ የፍየል ገመድ እንኳ ሁለቴ ነው የማስረው!» ሚስቱን ጠርቶ «ድገሚላት» አለኝ። ደገምኩላት። ጎረቤት ጠራ፤ ለእነሱም ደገምኩ። በደገምኩት ቁጥር ደረቴ ቀለለ። እሰይ! አልዋሽም፣ የዚያን ዕለት እህል ጣመኝ።

ማረኝ ብዬ ግን አልለመንኩትም። የእናት ሆድ ነው የምትሉኝ ካላችሁም ተዉኝ። መውጋቱስ የእናት ሆድ ይሁን፤ ልጄ ስልቻው ላይ ስትተኛ ዝም ያልኩት ግን ሐፍረት ፈርቼ ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በሰው ሁሉ ፊት እናገራለሁ። ትርንጎም ከማዶ ትመጣለች። እሷ ገና አልሰማችም።