የሽሽጎች ወግ

በአንድ የአሻንጉሊት ቲያትር ቤት ውስጥ እንጨት እየጠረበ ጭንቅላት የሚሠራ፣ ትርኢት ሲኖርም ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ አሻንጉሊቶቹን በክር የሚያንቀሳቅስ ሰው ነበር። ጠጉሩ ገብስማ ሆኖ እንኳ ታላቅ እህቱ “ማሙሽ” ነበር የምትለው፤ ባልደረቦቹም ይህን ሰምተው ስሙን አጸደቁለት። ሰው ፊት ቆሞ ለመናገር ላብ ያጠምቀዋል። መጋረጃ ከጋረደው ግን አንደበቱ ይፈታል፤ ቀልዱ አያልቅም።

አንድ ጊዜ የቲያትሩ አዘጋጅ ጠራውና ለልጆች የሚሆን አዲስ ትርኢት እንዲጽፍ ጠየቀው። ነገሩ ከመሬት በታች ስለሚኖሩ፣ ጥላቸውን እንኳ ስለሚፈሩ ሰዎች ነው። ማሙሽ ድርሰት ሲሰጠው የመጀመሪያው ስለነበር ደስታውን መደበቅ አቃተው። የሕዝቡን ስም “ሽሽጎች” አለው። ጅራት ቀጠለላቸው፤ ጨለማ ውስጥ የሚያበራ ዓይን አበጀላቸው፤ ለንጉሣቸው የቆርቆሮ ዘውድ ደፋለት። አዘጋጁ አነበበና ወረቀቱን ቀስ አድርጎ መለሰለት።

“ጅራት ሰጠሃቸው እንጂ ኑሮ አልሰጠሃቸውም” አለው። “ሲገናኙ ምን ይባባላሉ? ምን ያሳፍራቸዋል? ልጅ ሲወለድላቸው ምን ያደርጋሉ? እሱን አምጣልኝ።”

ማሙሽ ቢያስብ ቢያስብ ጠብ የሚል ነገር አጣ። እሑድ ደርሶ እንደ ልማዱ ምሳ ሊበላ እህቱ ዘንድ ሄደ።

እህቱ ናት ያሳደገችው። ከተማው በመድፍ ሲደበደብ እናታቸው ሞታ፣ እህቱ ገና ልጃገረድ ሳለች፣ እሱን በደረቷ ታቅፋ ከአንድ ፎቅ ሥር ባለ መጋዘን ውስጥ ከጎረቤቶች ጋር ተደብቃ ከርማለች። ከላይ ያለው ቤት ወታደሮች የሚወጡበት የሚወርዱበት ነበር። አንድ የሕፃን ልቅሶ ሁሉንም ሊያስጨርሳቸው ይችል ነበር። ማሙሽ ከዚያ ሁሉ የሚያስታውሰው ነገር የለም። እሷ ግን ከመጋዘኑ ስትወጣ ልማዱ አብሯት ወጣ። ዳቦ ስትበላ እንዳይንኮሻኮሽ ሻይ ውስጥ ነክራ ነው። በበሩ እጀታ ላይ ጠጠር የተጨመረበት ጣሳ ታንጠለጥላለች። መብራት ከማብራቷ በፊት መጋረጃውን ትደራርባለች፤ ጫማዋንም ሳታወልቅ ትተኛለች። ማሙሽ ይህን እያየ ስላደገ ነገሬ ብሎት አያውቅም ነበር።

ያን እሑድ ግን ነገሬ አለው። እህቱ ዳቦዋን ስትነክር እጇን ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና እቤቱ ሲገባ “ሽሽጎች ደረቅ ነገር አይበሉም፤ በገበታ ላይ ድምፅ ያሰማ ሰው ቤተሰቡን አዋረደ ይባላል” ብሎ ጻፈ። በማግስቱ አዘጋጁ ይህን ሲያነብ በሳቅ ፈረሰ። “ይኸው! አሁን ሰው ሆኑ” አለው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ቀና። ማሙሽ ሰበብ እየፈለገ በአዘቦቱም ቀን እህቱ ዘንድ ብቅ ማለት ጀመረ። ድንች እየላጠላት ስለዚያ ዘመን ይጠይቃታል። እዚያ ውስጥ እንዴት ነበር የምትነጋገሩት? ማን ነበር አለቃው? ሰው ሲገባ በምን ታውቁት ነበር? እሷ ስለዚያ ነገር ለማንም ተናግራ አታውቅም። መጀመሪያ አንድ ሁለት ቃል ብቻ ነበር የምትለው፤ እያደር ግን ተፈታች። ወንድሟ ይህን ያህል ዘመን ዝም ብሎ ኖሮ አሁን መጠየቁ ደስ ሳያሰኛት አልቀረም። እሱ ሲመጣ ኮቴውን ደረጃው ላይ ለይታ በሩን ቀድማ ትከፍት ጀመር።

አንድ ቀን ስለ መዝሙሯ ነገረችው። መጋዘኑ ውስጥ እሱ ሲነጫነጭባት ድምፅ አውጥታ ልታባብለው ስለማትችል ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች ትዘምርለት ነበር። እሱም በትንንሽ ጣቶቹ አፏን እየዳበሰ ዝም ይላል። “በጣትህ ነበር የምትሰማኝ” አለችው። ይህን ስትል ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። እሱም አንገቱን ደፍቶ ድንቹን ላጠ። መንገድ ላይ ሲወጣ ግን እንዳይረሳው ለራሱ ደጋግሞ ይለው ነበር።

ትርኢቱ አለቀ። ሽሽጎች ሲገናኙ “ማንም አላየህም?” ይባባላሉ፤ መልሱ “ማንም” ነው። ሀብታም የሚባለው ብዙ ማምለጫ ቀዳዳ ያለው ነው። ከስድብ ሁሉ የከፋው “አንተ ኮሽታ!” መባል ነው። ሕፃን ልጅ ስም የሚወጣለት ድምፅ ሳያሰማ ማልቀስ ሲችል ነው። ሠርግ ላይ ሙሽራው ሙሽሪትን በጨለማ ይፈልጋታል፤ ተሳስቶ አክስቷን ያገባበት ጊዜም አለ። ከሁሉ የበለጠ የሚያስቀው ግን ዝማሬያቸው ነበር። አሻንጉሊቶቹ በሙሉ ተሰልፈው አፋቸውን እየከፈቱ ይዘጋሉ፤ አንድም ድምፅ የለም። አንዲት ወፍራም እናት አሻንጉሊት ስሜቷ ገንፍሎ ትወዛወዛለች፤ ልጇ ጣቱን አፏ ውስጥ ይከታል፤ እሷም ታስነጥሳለች። ሁሉም እየተራገጡ ቀዳዳ ለቀዳዳ ይበተናሉ።

አዳራሹ በሳቅ ይፈነዳ ነበር። ልጆች በየመንገዱ “ማንም አላየህም?” መባባል ጀመሩ። ማሙሽ በዕድሜው እንዲህ ተመስግኖ አያውቅም። እህቱን ግን አልጋበዛትም። ትርኢቱን ማየት እንደምትፈልግ ስትነግረው፣ ወንበሩ አይመችም፣ ሕፃናቱ ጫጫታ ያበዛሉ እያለ ይሸሻል። ለምን እንደሚሸሽ ልቡ ያውቀው ነበር፤ እሱ ግን ልቡን ሊሰማው አልፈለገም።

በመጨረሻ ጎረቤቷ ልጆቿን ይዛ ስትሄድ እህቱን አስከትላት መጣች። ማሙሽ የእናቲቱን አሻንጉሊት ክር እንደያዘ በመጋረጃው ክፍተት አያት። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ነበር የተቀመጠችው። ክሩን ጥሎ መሄድ አማረው፤ ተራው ግን ደረሰ፤ እጁም የለመደውን ሠራ። እህቱ ከሰው ሁሉ ጋር ትስቅ ነበር። ዝማሬው ሲጀመር የባሰ ሳቀች፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ልጅየው አሻንጉሊት ጣቱን ሲሰነዝር እጇ እዚያው አፏ ላይ እንደ ቀረ አየ። ሳቁ ከፊቷ ጠፍቶ ዓይኗ ብቻ መድረኩ ላይ ነበር።

ትርኢቱ ሲያልቅ መጣችና “እጅህ ይባረክ፤ ቆንጆ ነው” አለችው። ጉንጩን ስማው ከጎረቤቷ ጋር ሄደች።

የሚቀጥለው እሑድ እቤቷ ሲደርስ ጣሳው ከበሩ ላይ ወርዷል። መጋረጃው ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጫማዋን አውልቃ በካልሲ ትሄዳለች። ገበታው ላይ ደረቅ ዳቦ አንስታ እሱ እያያት ቀረጣጠፈችው፤ ስታኝክ ድምፁ ቤቱን ሞላው። ዓይኗ ግን ደም መስሏል፤ እንቅልፍ በዓይኗ እንዳልዞረ ያስታውቃል። ኮሪደሩ ላይ ሰው ባለፈ ቁጥር ጣቶቿ ጠረጴዛውን ጥብቅ አድርገው ይይዛሉ፤ ወዲያው ደግሞ እሱ እንዳያይባት ትለቀዋለች። ማሙሽ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

በማግስቱ አዘጋጁን ዝማሬው እንዲወጣ ለመነው። አዘጋጁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ምክንያቱን ሲሰማ አዝኖለታል። ነገር ግን ልጆቹ የሚመጡት ለዚያ ነው፤ ትርኢቱም አሁን የቲያትር ቤቱ ነው እንጂ ያንተ ብቻ አይደለም አለው። ማሙሽ ክሩን ለሌላ ሰው አስረከበና ወደ እንጨት ጠረባው ተመለሰ። ትርኢቱ ያለ እሱ ቀጠለ፤ ሳቁ በግድግዳው ያልፍና ሥራ ክፍሉ ድረስ ይመጣበታል።

እህቱን ይቅርታ ለመጠየቅ ብዙ ጊዜ አፉን ከፍቶ ብዙ ጊዜ ዘጋው። አንድ ቀን አንሶላ አብረው ሲያጥፉ ወጣለት።

“እትዬ፣ ይቅር በይኝ” አለ።

እሷ የአንሶላውን ጫፍ ከጫፍ አገጠመች።

“እኔም ስቄያለሁ እኮ” አለችው። “ከሁሉም በፊት የሳቅኩት እኔ ነኝ። እነዚህ እንዴት ያሉ ጅሎች ናቸው ብዬ ስቄ ነው ኋላ ያወቅኳቸው።”

“ላዋርድሽ ብዬ አይደለም።”

“አውቃለሁ። ግን እየመጣህ ስትጠይቀኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ማሙሽ። አሁን ብትጠይቀኝ ለምን እንደምትጠይቀኝ አላውቅም።”

አንሶላውን ከእጁ ተቀብላ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባችው። ከዚያ ወዲህ ወሬያቸው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሽንኩርት መወደድ፣ ስለ ጎረቤቷ ልጆች ሆነ። ማሙሽ “እንቅልፍ እንዴት ነው?” ማለት እንኳ አፍሮ ተወው፤ ይህም ጥያቄ ነውና።

እየቆየ ጉልበቷን ያማት ጀመር። ክሊኒክ የወሰዳት እሱ ነው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ጉልበቷን አገላብጣ አየችና ድሮ ወድቀው ወይም ተመትተው ያውቃሉ ወይ፣ የቆየ ስብራት ይታየኛል አለቻት። እህቱ ዞራ ወንድሟን አየችው። ስለ ስብራት አንድም ቀን ሰምቶ አያውቅም ነበር።

“አንተ ውጭ ጠብቀኝ” አለችው።

ቃሉን ሳትጨርስ ተነሳ። ኮሪደሩ ላይ በሩ አጠገብ ባዶ ወንበር ነበር፤ ነገር ግን ከውስጥ ድምፅ ሲሰማው ትቶት ራቅ አለና መስኮቱ ዘንድ ሄዶ ቆመ። ብዙ ቆዩ። ተራቸውን የሚጠብቁ ሰዎች አዩት፤ እሱ የማንንም ዓይን ማየት አልቻለም።

እህቱ የመድኃኒት ማዘዣዋን ይዛ እያነከሰች ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል። ምን አለችሽ ሊላት ፈለገና ዋጠው። ክንዱን ዘረጋላት፤ ያዘችውና ደረጃውን ቀስ እያሉ ወረዱ።