ሮቶው ሞልቷል ብሎ የጻፈው ስሜ

ገና ልጅ ሳለሁ፣ ማንያታ በሚባለው የኬንያዋ ሞያሌ ሰፈር፣ መብራት በጠፋ ምሽት ሁሉ የእናቴ አባት ደጅ ላይ ከሰል አቀጣጥሎ ተረት ይነግረን ነበር። አባባ ነበር የምንለው። ዕድሜውን ሙሉ ድንበር እየተሻገረ ፍየል ሲነግድ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ጅቡም ቀበሮውም በእሱ አፍ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ይከራከራሉ፣ ይማማላሉ፣ ይከዳዳሉ። ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ የፋኖሱ ብርሃን ጢሙ ላይ እየተወዛወዘ፣ «ከዚያስ አባባ?» እያልን እንነዘንዘው ነበር። «ኧረ ትንፋሽ ስጡኝ እናንተ ልጆች!» ይላል እየሳቀ። ያኔ ከአዋቂ አፍ የሚወጣ ነገር ሁሉ ደስ ይለኝ ነበር።

አምስተኛ ክፍል ስደርስ ጋልጋሎ የሚባል፣ በስዋሂሊው «ሙዋሊሙ» እያልን የምንጠራው ወጣት አስተማሪ የጋዜጣ ዜና አጻጻፍ ያስተምረን ጀመር። ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን እያለ ሰሌዳውን ሞላው። ጥሩ ዜና ከጸሐፊው ስም ጋር ግድግዳ ላይ ይለጠፋል አለን። እኔ የጻፍኩት ስለ ትምህርት ቤታችን የውሃ ሮቶ ነበር። በስጦታ ከመጣ ጀምሮ ጠብታ ገብቶበት አያውቅም፤ ትንንሾቹ ልጆች የሚጠጡት አህያ ከሚጠጣበት ኩሬ ነበር። ሙዋሊሙ አንብቦ «ጎሽ! ዜና ማለት ይኼ ነው» አለኝ። ቤቴ እስክደርስ በደስታ ሮጥኩ።

ሮቶውን የሰጡት እንግዶች ሊመጡ ሲሉ ግን ርዕሰ መምህሩ ጽሑፌን አየው። በማግስቱ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሌላ ሆነ፤ ሮቶው ሞልቷል፣ ውሃው ለጎረቤትም ይተርፋል ይላል። ከሥሩ የእኔ ስም! ሙዋሊሙን ባየው አቀርቅሮ «አንብቢው ብቻ፣ ልጄ» አለኝ። እንግዶቹና ወላጆች ፊት አነበብኩት። አጨበጨቡ፣ ፎቶ አነሱኝ። አንዳቸውም ቧንቧውን አልከፈቱም። ችግር ካለ ሊልኩት አስበው የነበረው የውሃ ቦቴም በዚያው ቀረ።

እኛ አገር ደግሞ የውሃን ወሬ አጥር አይገድበውም። እንግዶቹ ሞልተውት ሄዱ ተብሎ ተወራና ብዙም ሳይቆይ ሴቶች ጀሪካን የጫኑ አህዮች እየነዱ ትምህርት ቤታችን በር ላይ ተሰለፉ። አንዷ ዳበል ከሚባል ሩቅ መንደር ድረስ የመጣች ነበረች። ዘበኛው ቧንቧውን ከፈተላቸው፤ አንድ ጠብታ አልወጣም። ሴቶቹ ሲንጫጩ ርዕሰ መምህሩ ቢሮውን ከውስጥ ቆለፈ፤ ዘበኛው ደግሞ ጨንቆት «የጻፈችው እሷ ናት» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። የዳበሏ ሴት ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ምነው በሰደበችኝ! ቀረብ ብላ በቦረንኛ፣ «ልጆቼን ውሃ ይዤላችሁ እመጣለሁ ብያቸው ነው የወጣሁት፤ አሁን ምን ልበላቸው?» አለችኝ። ከልቧ ነበር የምትጠይቀኝ። ከዚያ ባዶ ጀሪካኖቿን እንደጫነች አህያዋን አዙራ ሄደች።

አባባ ነገሩን ገበያ ላይ ሰምቶ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄደ። «ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች» ብሎ ሸኘው። ያን ምሽት ተረት አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

አልረሳሁትም። ርዕሰ መምህሩንም ሙዋሊሙንም ይቅር አላልኳቸውም፤ ይቅር በያቸው የሚሉኝም ባዶ ጀሪካን ይዘው ወደ ዳበል ተመልሰው አያውቁም። ዛሬ እኔ ራሴ ልጆችን ዜና አጻጻፍ አስተምራለሁ። ስለ ትምህርት ቤታችሁ ጻፉ ስላቸው፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ምንም የጎደለ ነገር የለም ብለው ጽፈው ያስረክቡኛል።