በቋንቋችን ብቻ!

ስድስት ነበርን። አንዱ ሚኤሶ መድኃኒት ይሸጣል፣ አንዷ በደሳ ታስተምራለች፣ እኔ ጭሮ መዝገብ ቤት ፋይል ስገለብጥ አርጅቻለሁ፤ የቀሩትም ከዚሁ ከምዕራብ ሐረርጌ ናቸው። እሑድ እሑድ ጠዋት በስልክ የድምፅ ክፍል ከፍተን ኤስፔራንቶ እንለማመዳለን። ኤስፔራንቶ የሰው ልጅ ሁሉ ይግባባበት ተብሎ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የሠራው ቋንቋ ነው። ጉድ እኮ ነው! ከጎረቤታችን ጋር በውሃ ቱቦ የተኳረፍን ሰዎች ዓለምን ልናግባባ! ቂጥ ገልቦ ክንብንብ ይሏል ይሄ ነው።

ከሁሉ የባስኩት ደግሞ እኔ ነበርኩ። ክፍሉን የከፈትኩ እኔ፣ ሕግ ያወጣሁ እኔ፤ አማርኛም ሆነ አፋን ኦሮሞ የተናገረ ድምፁ ይዘጋል። መዝጊያውን የሚጫነውስ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እኔው። መሥሪያ ቤት ውስጥ በር ዝጋ ብዬ እንኳ የማላዝ ሰውዬ፣ እሑድ ስትመጣ ንጉሥ እሆናለሁ።

የበደሳዋ መምህርት ጎበዝ ነበረች፤ ግን ገና ጀማሪ። ከቤቴ በር ፊት ለፊት የሚቆመው ባጃጅ የታናሽ ወንድሟ መሆኑን የደረስንበት እዚያው ስንለማመድ ነው። ያን ቀን ብዙ ተሳሳቅን።

አንድ እሑድ አርፍዳ ገባች። «ማሎ፣ ጋሼ...» ብላ በአፋን ኦሮሞ ጀመረች። ማሎ እባክዎ ማለት ነው፤ አልገባኝም እንዳልል ጭሮ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። ዘጋኋት። እጅ አወጣች፤ ከፈትኩላት። በአማርኛ «ጋሼ፣ እናቴ...» አለች፤ ዘጋኋት። ለሦስተኛ ጊዜ ስከፍትላት «በቋንቋችን ብቻ!» ብዬ በኤስፔራንቶ አስጠነቀቅኳት። ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ፣ በዚያው ቋንቋ፣ «እናቴ... ወንድሜ... እናቴ...» አለች። ከዚያ በላይ የሚሆን ቃል አላስተማርናትም። ቤተሰቧን የምታስተዋውቀን መሰለን። የሚኤሶው ሰውዬ አነጋገሯን አደነቀ፤ ሁላችንም አጨበጨብንላት። አዎ፣ አጨበጨብን! እሷ ወጥታ ሄደች፤ እኛ ስለ ገበያ ማውራታችንን ቀጠልን። ይሄ ሁሉ ሲሆን ወንድሟ በመስኮቴ ትይዩ ባጃጁን ያጥብ ነበር።

ነገሩን የሰማሁት ሰኞ፣ ከሌሎቹ የባጃጅ ሾፌሮች ነው። እናትየው ነፍሳቸው ልትወጣ ስትል ወንዱን ልጄን ጥሩልኝ ብለዋል። የወንድሟ ስልክ ተበላሽቷል፤ መምህርቷ የእኔን ቁጥር ደግሞ አታውቀውም፤ ወንድሟን አስጠርታ የምታገኝበት ያ ክፍል ብቻ ነው። ከበደሳ የመጣ ሰው ለልጃቸው የነገረው ከሰዓት በኋላ ነው። የሙስሊም ቀብር አይቆይም፤ ሲደርስ አፈሩ ተመልሶ ነበር።

በሳምንቱ በደሳ ለቅሶ ሄድኩ። መምህርቷ ግቢው በር ላይ ተቀበለችኝ። «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» አልኳት። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ከሁለታችን በቀር ማንም በማያውቀው በዚያ ቋንቋ፣ ጥርት አድርጋ መለሰችልኝ። ጋሼ የለ፣ እርስዎ የለ።

«ወንድሜ ያውና። አልነገርኩትም። አንተ ንገረው።»

ሳምንቱን ሙሉ ስታጠናው የከረመች ይመስለኛል። አንድም ቃል አልተሳሳተችም።

ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝና እጄን በሁለት እጁ ያዘ። «ከጭሮ ድረስ ለእኛ ብለው መጡ፣ ጋሼ? አላህ ኸይር ይክፈልዎት» አለኝ።

እኔ ወራዳው «አሜን» አልኩት።