የሌለውን ልጅ ያየው መሣሪያ

ወደ ድሬዳዋ የተላክሁት አንድ የአልትራሳውንድ መሣሪያ «አበደ» ተብሎ ነው። ከአንድ ሆስፒታል የመጣው ደብዳቤ አጭር ነበር፤ መሣሪያው የሌለ ነገር ያሳያል፣ ነርሶቹም ሊነኩት ፈርተዋል ይላል። ጊዜው የደርግ ነው። እኔ አዲስ አበባ በአንድ የሕክምና መሣሪያዎች ጥገና ክፍል ቴክኒሽያን ነበርሁ፤ አልትራሳውንድ ደግሞ በአገሩ ገና በጣት የሚቆጠር ብርቅ ዕቃ ነበር። አለቃዬ ደብዳቤውን ሁለቴ አንብቦ፣ «የሌለ ነገር ያሳያል ማለት ምን ማለት ነው? ሂድና እይ» አለኝ። መሸኛ ወረቀቴን፣ የመፈተሻ ዕቃ ሳጥኔንና ሁለት ሸሚዝ ይዤ በማለዳ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ተገኘሁ።

ባቡሩ ላይ

እስከ ናዝሬት ሹራብ ለብሼ ነበር። መተሐራ ላይ አወለቅሁት፤ አዋሽ ስንደርስ የሸሚዜን ቁልፎች ፈታሁ። አዋሽ ጣቢያ ፓስታ በላሁ፣ ሚኤሶ ላይ ሴቶች በመስኮት ወተት አቀበሉን። ኤረር ላይ በአንድ ብር የገዛሁት መንደሪን ጭኔን ሞላው። ከዚያ ወዲያ እሾህና ድንጋይ ብቻ ነው።

ፊት ለፊቴ የተቀመጡ አንድ የሶማሌ ነጋዴ ሽማግሌ ሳጥኔን ትኩር ብለው አዩት።

«አቦ፣ ምን ይዘሃል?»

በድምፅ የሰው ሆድ ውስጥ የሚያይ መሣሪያ ልጠግን እንደምሄድ ነገርኋቸው። አልገባቸውም። «ገደል ፊት ቆመው ሲጮኹ ድምፅዎ ይመለስ የለም?» አልኋቸው። «ገደሉ ቅርብ ከሆነ ቶሎ፣ ሩቅ ከሆነ ቆይቶ ይመለሳል። መሣሪያውም ሆድ ላይ ይጮሃል። ድምፁ ከአጥንት፣ ከሥጋ፣ ከፅንስ እየነጠረ ይመለሳል። ለመመለስ የፈጀበትን ጊዜ ቆጥሮ፣ ያ ነገር ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንዳለ በነጥብ ይሥላል።»

«ጩኸቱ ሴትዮዋን አያስደነግጣትም?»

«አይሰማም። በጣም ቀጭን ነው፤ በአንድ ሴኮንድ በሚሊዮን የሚቆጠር ጊዜ ይርገበገባል። የሰው ጆሮ አይይዘውም።»

ሽማግሌው እግራቸውን ከሳጥኑ አጠገብ ሰበሰቡ። ቀጥለው፣ «የማይሰማ ድምፅ የሚሰሙትንማ እኛ እናውቃቸዋለን» አሉና፣ ጂን እንደሚያባርር ሰው ቢስሚላሂ ብለው ተነሥተው ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እስከ ድሬዳዋ ወደ እኔ አልዞሩም። ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ግን ያው ብቻዬን ተቀምጬ ሳጥኑን ማየት ጀመርሁ።

ከዚራ

ማታውን ከጣቢያው ፍተሻ አልፌ ከዚራ በሚባለው ሰፈር አልጋ በአምስት ብር ያዝሁ። በማግስቱ ጠዋት ሆስፒታሉ ውስጥ የተቀበለችኝ በመሣሪያው የምትሠራው ነርስ ሲስተር ወርቅነሽ ናት። የድሬ ሰው «እርስዎ» አያውቅም፤ ገና ሰላም እንዳልኋት በአንተ ጀመረችኝ።

«ስማኝ ኢንጂነር፣ እኔ ጅል አይደለሁም። ያየሁትን ነው የምነግርህ።»

ፋጡማ የምትባል የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ወጣት ነበረች። ባሏ ለብሔራዊ ውትድርና ሰሜን ሄዷል። ሦስት ወር ሳይሞላት ስትታይ ስክሪኑ ላይ ሁለት ፅንስ ጎን ለጎን ታየ። ወርቅነሽ ደስ ብሏት «መንታ ነው» አለቻት። ትንሽ ቆይታ ግን አንድ ነገር አስተዋለች።

«አንዱ እጁን ሲያነሣ ያም ያነሣል። አንዱ ሲገላበጥ ያም እኩል ይገላበጣል። መንታ እንዲህ አይንቀሳቀስም። ለማንም አልተናገርሁም። በአምስተኛ ወሯ ስትመጣ አንዱ የለም። ደም የለም፣ ሕመም የለም። ዝም ብሎ የለም።»

ሳጥኔን አንሥቼ ወደ መሣሪያው ሄድሁ።

መሣሪያውን ከፈትሁት። ሆድ ላይ የሚያርፈው መዳሰሻ አፍ ላይ ያለው ክሪስታል ኤሌክትሪክ ሲነካው ይርገበገባል፤ ማሚቶው መጥቶ ሲገፋው ደግሞ መልሶ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ ጮኺውም ሰሚውም እሱ ነው። ውኃ በሞላ ሣህን ውስጥ ናይለን ክሮች ወጥሬ ፈተንሁት። እያንዳንዱን ክር ባለበት ቦታ ሣለው። መሣሪያው ጤነኛ ነው።

ከቀትር በኋላ ድሬ ጭር ትላለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ጫቱን ይዞ በርጫ ይቀመጣል፣ ውሻ እንኳ አይንቀሳቀስም። ወርቅነሽ ምሳ ሄዳ፣ በኮሪደሩ ማንም አልነበረም። ምን እንዳሰብሁ አላውቅም፤ አልጋው ላይ ተጋደምሁና ጄል ቀብቼ መዳሰሻውን በራሴ ሆድ ላይ፣ ከእምብርቴ ከፍ አድርጌ መሐል ላይ አጋደምሁት።

ስክሪኑ ላይ ሁለት ክብ ጥቁር ነገሮች ይመታሉ። ከልብ የሚወርደው ትልቁ የደም ሥር ነው። ሰው ግን ሁለት የለውም። ሁለቱ እኩል ያብጣሉ፣ እኩል ይሟሽሻሉ። ትንፋሼን ያዝሁ። አብረው ቀጠሉ። በዚያ ጭርታ ውስጥ አንድ ሰው አብሮኝ የተጋደመ መሰለኝ፤ አልደብቅም፣ ዘወር ብዬ አየሁ።

ዘወር ስል መዳሰሻው ወደ ጎን ሸርተት አለ። አንደኛው ጠፋ። ወደ መሐል ስመልሰው መጣ። ስገፋው ጠፋ። ያኔ ነው ነገሩ የበራልኝ። የሆድ ጡንቻ መሐሉ ላይ ለሁለት የተከፈለ ነው። ድምፅ ከአንዱ ዓይነት ሥጋ ወደ ሌላው በሰያፍ ሲገባ ፍጥነቱ ይለወጥና ይታጠፋል፤ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ የገባ እርሳስ የተሰበረ መስሎ እንደሚታየው። መሣሪያው ግን ድምፅ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ይሄዳል ብሎ ያምናል። በግራና በቀኝ ታጥፎ የመጣውን የአንድ ነገር ማሚቶ ሁለት ቦታ ይሥለዋል። ፋጡማም መጀመሪያ የታየችው መዳሰሻው መሐል ላይ ሆኖ ነው፤ በአምስተኛ ወሯ ከመሐል ወጣ ብሎ መሆን አለበት።

ወርቅነሽ ስትመለስ አሳየኋት። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ፋጡማ እህል ከቀመሰች ሦስት ቀኗ ነው» አለች። «አማቷ በቀትር ደቻቱ ወንዝ ልብስ ስታጥቢ ጂን አንዱን ወሰደብሽ ብላታለች። እኔ ነኝ መንታ ያልኋት።»

ደቻቱ ማዶ

በማግስቱ ጠዋት በጋሪ ፋጡማ ወደምትኖርበት መጋላ ሰፈር ተነሣን። ባለጋሪው በደረቀው ወንዝ ሊያቋርጥ አሸዋው ጠርዝ ላይ ደርሶ ድንገት ቆመ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ደመና የለም። ፈረሱ ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሏል።

«ስሙ» አለ ባለጋሪው።

ምንም አልሰማሁም። ወርዶ መዳፉን መሬት ላይ አሳረፈና «ሐረር ተራራ ዘንቧል፤ እየመጣ ነው» አለ። እኔም ወርጄ መሬቱን ነካሁ። አንድ ትልቅ ነገር ከሥር የሚያጉረመርም ይመስል እጄን ነዘረኝ። ብዙም ሳይቆይ ቡናማ ውኃ ግንድና ድንጋይ እየገፋ፣ እኛ ልንሻገርበት በነበረው መንገድ አለፈ። ዞረን በድልድዩ ሄድን።

ፋጡማ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ምንጣፍ ላይ ተኝታለች። ከንፈሯ ደርቋል። አማቷ አዴ ሐሊማ በር ላይ ቆመው እንዳንገባ እጃቸውን ዘረጉ።

«ላማ ቱረ» አሉ በኦሮምኛ፤ ወዲያው ወደ አማርኛ መልሰው፣ «ሁለት ነበሩ። ይቺ ሲስተር በዓይኗ አይታለች። አሁን ደግሞ ምን ልትወስዱ መጣችሁ?»

ወርቅነሽ አልተከራከረችም። «አዴ፣ ተሳስቼ ነው። ነይና በዓይንሽ እዪ። ካላመንሽ እዚያው ፊት ለፊቴ ርገሚኝ» አለቻቸው። እርግማን የሚጋብዝ ሰው አይተው አያውቁም መሰለኝ፤ አሮጊቷ ሻሻቸውን አስረው ፋጡማን ደግፈው አስነሡ።

ሆስፒታል ስንደርስ መጀመሪያ የተጋደምሁት እኔ ነኝ። ወርቅነሽ መዳሰሻውን ያዘች። አዴ ሐሊማ ሁለቱን የሚመቱ ክቦች ሲያዩ «አዑዙ ቢላሂ» ብለው ወደ ኋላ ሸሹ። ወርቅነሽ እጇን ገፋ አደረገች፤ አንዱ ጠፋ። መለሰች፤ መጣ።

«የት ሄዶ ነው የሚመጣው?» አለች ፋጡማ። ከተገናኘን የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

«የትም አይሄድም። የለም። አንዱን ነው ሁለት ጊዜ የሚያሳየን። ያለ ነገር ከየትኛውም ጎን ብታዪው አለ» አልኋት።

ቀጥሎ እሷ ተጋደመች። ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከላይ ታየ። አንድ ልጅ፣ ልቡ ቶሎ ቶሎ የሚመታ። አዴ ሐሊማ ስክሪኑን በጣታቸው ነኩና አለቀሱ፤ የምራታቸውን ራስ ደረታቸው ላይ አስጠግተው ብዙ ነገር በኦሮምኛ ተናገሩ። ያልገባኝን እንዲተረጎምልኝ አልጠየቅሁም።

ፋጡማ ግን አላለቀሰችም። ከጉያዋ የተጣጠፈ ደብዳቤ አወጣች። ባሏ መንታ መሆኑን ሰምቶ ከግንባር ሁለት ስም ልኮ ነበር።

«አንዱን ምን ላድርገው?» አለችኝ።

ወርቅነሽ «ይቅር በይኝ» አለቻት። እኔም አልሁ። አዴ ሐሊማ ደብዳቤውን ከእጇ ተቀብለው አጣጥፈው መለሱላት። «ስም አይበላሽም። ኢንሻላህ፣ ቀጥሎ ለሚመጣው ይቀመጣል» አሏት። ያን ቀን ፋጡማ ግማሽ ብርጭቆ ወተት ጠጣች።

ወደ ቤት

በሦስተኛው ቀን ባቡር ተመለስሁ። ለገሃር ስወርድ ብርዱ እንግዳ ሆነብኝ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ሁሉን ስነግራት፣ «ታዲያ ያን ሁለት ወር ሴትዮዋ የተሸከመችው ማንን ነበር?» አለችኝ። ለእኛ በምስል ላይ የሚታይ ስሕተት ነው፤ ለእሷ ግን ስም ያለው፣ የሞተ ልጅ ነበር።

ቢሮ ሄጄ ሪፖርቴን ሞላሁ። «የተገኘ ብልሽት» በሚለው ቦታ «የለም» ብዬ ጻፍሁ። ከሥሩ ለሁሉም ሆስፒታሎች የሚላክ ምክር ጨመርሁ፤ መሐል ላይ ሁለት ሆኖ የታየ ነገር መዳሰሻውን ወደ ጎን አንቀሳቅሰው ሳያረጋግጡ ለእናትየዋ እንዳይነግሩ። መጨረሻ ላይ አንድ መስመር አከልሁ፦ «ተገልጋይዋን ይቅርታ ጠይቀናል።»

አለቃዬ ምክሩን ወደደው፤ እንዲባዛም አዘዘ። የመጨረሻዋን መስመር «ይህ የቴክኒክ ጉዳይ አይደለም» ብሎ በቀይ ሰረዛት። በካርቦን የያዝሁት ግልባጭ ላይ ግን እንዳለች አለች።